ለሻሽ የተጻፈ ትእዛዝ

ኢንስፔክተር የትምወርቅ ሬሳ ተገኘ ተብላ ስትጠራ ገና ፊቷን አልታጠበችም ነበር። መብራት ከጠፋ ውኃ የሚሞቅበት የለም፤ የመሐል ሜዳን የጧት ውኃ ሳያሞቁ ፊት ላይ ማሳረፍ ደግሞ ጀግንነት ሳይሆን ጅልነት ነው። ስለዚህ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና ሳጅን ወዳጆን ተከትላ ወጣች። ከዚያች ጧት ጀምሮ የገጠማት ሁሉ እንደዚያው ነበር፤ አንዱን ነገር ልትይዝ ስትል መብራት ይጠፋል።

የተጠራችው መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ግቢ ነው። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ከትርሲት ጋር ይኖራሉ። የግቢያቸውን አንድ ክፍል በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ሁለት ወጣቶች፣ ለሰለሞንና ለመኳንንት፣ አከራይተዋል። ወጣቶቹ ለየመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራሉ። ትርሲትም ኮሌጅ የተማረችው ይህንኑ ስለሆነ አብራቸው ትሠራለች። ከሰለሞን ጋር ደግሞ ቀለበት አስረዋል።

ሰለሞን ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ላይ ባና ተከናንቦ ተኝቷል። ለሚያየው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ከራስጌው አጠገብ አመድ የሞላ ማንደጃ አለ። የመስኮቱን ስንጥቅ ሟቹ ራሱ ከክረምት ጀምሮ በጋዜጣ ጠቅጥቆታል። የበሩ ሥር ግን በታጠፈ ጆንያ የተደፈነው ከውጭ በኩል ነው። መሪጌታ ጧት በሩን ወደ ውስጥ ገፍተው ስለከፈቱት ጆንያው ከቦታው አልተነቃነቀም። ጆንያው ላይ ክዳን የተደፋበት ሳህን ተቀምጧል። የትምወርቅ ክዳኑን አነሣችው፤ ሽሮው ረግቷል፣ እንጀራው አልተነካም።

«የከሰል ጭስ ነው» አለ የጤና መኮንኑ። «መቼ እንደ ሞተ ግን አይጠይቁኝ። በዚህ ብርድ ሰው ቆሞም ይደርቃል።»

«እኔ ደርሼበታለሁ» አለ ወዳጆ። ወዳጆ ሁሉን ነገር ከማንም ቀድሞ ይደርስበታል፤ የትምወርቅን የሚያበግናት ይኸው ጠባዩ ነው። «ላፕቶፑን ከፍቼ አየሁት። ትናንት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አዲስ ሥራ ጀምሯል። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበር ማለት ነው። መኳንንት በከሰዓቱ ሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ሄዷል፤ ሾፌሩም ረዳቱም ይመሰክራሉ። ከዚያ በኋላ ወደዚህ በር የመጣችው ትርሲት ብቻ ናት። ባለወፍጮዋ ወይዘሮ ጠጄ ከበሩ ፊት ለፊት ሆና አይታታለች። ሰሞኑን ደግሞ ተጣልተው ነበር።»

«ላፕቶፑን አምጣው።»

«አሁንማ ባትሪው አለቀ። መብራትም የለም።»

«ታዲያ አንተ ለምን ጨረስከው?»

ወዳጆ የሞተውን ላፕቶፕ ብብቱ ሥር ወሸቀ።

ትርሲት በዚያው ቀን ተያዘች። የትምወርቅ አለቃ ከደብረ ብርሃን ደውሎ ነገሩ ግልጽ ስለሆነ ተጠርጣሪዋ ሐሙስ ከነደብዳቤዋ እንድትላክለት አዘዘ። የትምወርቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ነገሩ ግልጽ ነው ተብሎ የተላከ መዝገብ እዚያ ሲደርስ ማንም እንደ አዲስ አይመረምረውም፤ ልጅቱ ስትመላለስ ዕድሜዋ እስር ቤት ያልቃል። እሷን ግን ያ ሳህን ጉሮሮዋ ላይ ቆሞባታል። ሰው ለመግደል በር የደፈነች ሴት በደፈነችበት ጆንያ ላይ ራት አስቀምጣ ትሄዳለች?

«ለማስመሰል ነዋ» አላት ወዳጆ።

ትርሲት ጣቢያው ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ዐይኗ ደርቋል፤ ለቅሶው እምቢ ብሏታል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት የትምወርቅ።

«ሠርጉን አራዘመው። ያቺን መሣሪያ ሳልጨርስ አላገባም አለ።»

«የምን መሣሪያ?»

ትርሲት ስለ ሥራው ስትጠየቅ ትንሽ ነፍስ ዘራች። «አዲስ ፕሮግራም ከመሥራትዎ በፊት መሰናዶ አለው። ፎልደሮቹን መክፈት፣ መሰየም፣ ሁልጊዜ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች መገልበጥ፣ የባለቤቱን ስም በየቦታው መጻፍ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንዷን ከረሱ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ከሀ ነው። ሰለሞን በዚህ ተማሮ ሁሉንም አንድ መስመር አደረገው። ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁሯን መስኮት ይከፍታሉ፣ የሥራውን ስም ይጽፋሉ፣ መጨረሻ ላይ ጀምሪ ይሏታል። እሷ ሁሉንም ደርድራ ትጠብቅዎታለች።»

«ጀምሪ? ሴት ናት እንዴ?»

«ላፕቶፗን ሻሽ ነው የሚላት። አባቱ ሻሽ የምትባል ጊደር ሸጠው ነው የገዙለት። ከጊደሯ ጋር ያወራ እንደ ነበረው ነው የሚያወራት፤ በወንድ አንቀጽ ካዘዛት የምትቀየምበት ይመስለዋል።» የትርሲት ከንፈር ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። «ለሚያሠለጥናቸው ልጆች ሲል ግን ጀምርም ጀምሩም ቢሏት እሺ እንድትል አድርጓታል።»

«እሺ፣ የዚያን ዕለቱን ንገሪኝ።»

«መብራት አልነበረም። ልቅሶ ነበረብንና ነጠላዬን በከሰል ካውያ ተኩሼ፣ የተረፈውን ፍም ማንደጃው ላይ ትቼ ከአባባ ጋር ወጣሁ። መኳንንትና ሰለሞን ክፍላቸው ነበሩ። ስንመለስ መብራት መጥቷል፤ ማንደጃው ግን ከወጥ ቤት የለም። እያጉረመረምኩ በእንጨት ሠራሁ። ከዚያ ራቱን ይዤለት ሄጄ አንኳኳሁ። ዝም አለኝ። ያኮረፈ መሰለኝ። እኔም ኩራቴ ያዘኝና እዚያው ጆንያው ላይ አስቀምጬለት ተመለስኩ።»

«ጆንያው ቀድሞ ነበረ?»

«ነበረ። ብርድ እንዳይገባው ያደረገው መሰለኝ።»

«እሱ ውስጥ ሆኖ፣ ከውጭ በኩል?»

ትርሲት ቀና ብላ አየቻት። እምቢ ያለው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ።

መኳንንት ለቀብሩ ከደብረ ብርሃን ተመልሷል። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ወንበሩን ራሱ ስቦ ተቀመጠ። አንደበቱ የታረመ ነው፤ የትምወርቅ ግን አንደበቱ የታረመ ሰው ፊት ቶሎ ይሰለቻታል።

«ስወጣ ደኅና ነበር» አላት። «ሁለት ሌሊት ሙሉ ሲሠራ አድሮ ስለ ነበር ጋደም በል አልኩት።»

«ከሰል ነበር?»

«እኔ ስወጣ አልነበረም።»

«ያቺን ሁሉን በአንድ መስመር የምታዘጋጀውን መሣሪያ እርስዎም ይሠሩባታል?»

«አንዳንዴ። እንደ ሰለሞን ግን አላቆላምጣትም። ጀምሪ የኔ እመቤት፣ አትለግሚብኝ እያለ ሲለማመጣት ቢሰሙት ላም የሚያልብ ነው የሚመስለው።» ሳቅ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሐዘኑ ትዝ አለው። «እኔ ዕቃን እንደ ዕቃ ነው የማዘው። ትርሲት ታሳዝነኛለች፣ ግን ከእኔ በኋላ እዚያ በር የደረሰ ሌላ ሰው የለም።»

ይህችን ነገር እስኪወጣ ድረስ ሦስቴ አላት። ሰው ያልተጠየቀውን ሲደጋግም የትምወርቅ ደስ አይላትም፤ ግን ሾፌሩም ረዳቱም መስክረውለታል፣ ምን ታድርገው?

ወይዘሮ ጠጄ ዱቄት የለበሰ ፊቷን በሻሿ እየጠረገች አነጋገረቻት። «መኳንንት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲወጣ መብራት አልነበረም፤ እኔም ወፍጮዬ ቆሞ ደጅ ተቀምጬ ነበር። ኋላ ፀሐይዋ ጋራው ላይ ስትደርስ መብራት መጣ። ወፍጮዬን ካስነሣሁ ጥቂት ቆይቶ መሪጌታና ልጃቸው ከልቅሶ ገቡ። ከዚያ ልጅቱ ሳህን ይዛ ወደ ክፍሉ ስትሄድ አየኋት። በመሀል የገባ ሰው የለም። ቢኖር አየው ነበር።»

መሪጌታ ደግሞ ከዳዊታቸው ቀና ሳይሉ መለሱላት። «ማንደጃዬን ማን ወሰደው ብላ ስትነጫነጭ ሰምቻታለሁ። ልጄ ትነጫነጫለች፤ ነፍስ ግን አታጠፋም። ይህን ለማለት ምስክር አምጡ ካላችሁኝ የለኝም።»

ረቡዕ ከሰዓት የትምወርቅ የመላኪያ ደብዳቤውን ጽፋ ጨረሰች። የጣቢያው አሮጌ ላፕቶፕ በባትሪ ትንሽ ይንፈራገጣል፤ ፕሪንተሩ ግን ያለ መብራት ድንጋይ ነው። ለአፍታ መጥቶ የነበረው መብራት ልክ አትም ብላ ስታዘው ሄደ። ወዲያው አለቃዋ ደውሎ ደብዳቤው የት ደረሰ አላት። መብራት ጠፋ ብትለው ሁልጊዜ ምክንያት አታጡም ብሎ ዘጋባት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችውና ካፖርቷን ደራርባ ተቀመጠች። ብርዱ፣ አለቃዋ፣ ወዳጆ፣ የሞተው ላፕቶፕ፣ ሁሉም ተባብረው የተነሡባት መሰላት። ከሁሉ በላይ የተናደደችው በራሷ ነው፤ አንድ ነገር እንደተሳሳተ እያወቀች ምን እንደሆነ ማወቅ አቅቷታል።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አምፖሉ ቦግ አለ። ወዳጆ እሰይ አለ። ማንም ሳይነካው ፕሪንተሩ አጓርቶ ወረቀት መሳብ ጀመረ። ወረቀቱ ላይ «ተጠርጣሪ ትርሲት ገብረ አማኑኤልን ይመለከታል» የሚል ወጣ።

«ይኸው፣ ራሱ ጨረሰልን» አለ ወዳጆ።

የትምወርቅ ወረቀቱን ይዛ ቆማ ቀረች። «ማን አዘዘው?»

«እርስዎ ነዎታ፤ ቅድም።»

«ቅድም» አለች። «የሠራው ግን አሁን ነው። እኔ ቅድም አዝዤው ገበያ ሄጄ ቢሆንስ?»

ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደችው። የሰለሞንን ላፕቶፕ ሰካችና ትርሲትን አስጠራቻት።

«ሻሽ ሰው ሳይነካት ሥራ መጀመር ትችላለች?»

«መብራት ሲመጣ ካሏት ትችላለች።»

«እስቲ አስረጂኝ።»

«መብራት በሌለ ጊዜ ያዟታል። የሥራውን ስም ይጽፋሉ፣ ቀጥሎ መብራት ሲመጣ፣ ከዚያ ጀምሪ። በባትሪ እያንቀላፋች ትጠብቃለች፤ መብራቱ ሲመጣ ተነሥታ ትሠራለች። ለእኛ አገር ብሎ ነው እንዲህ ያደረጋት።»

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞም ራሱ ያዘዛት መስሎኝ ነበር።»

የታዘዘችበት ቃል የት እንደሚገኝ ትርሲት አሳየቻት፤ ሻሽ በየሥራው መጀመሪያ ፋይል ላይ የታዘዘችበትን ቃል እንዳለ ትጽፋለች። የትምወርቅ የመጨረሻውን ሥራ መስመር ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ የሰለሞንን የቆዩ ሥራዎች፣ ቀጥሎ የመኳንንትን አንድ በአንድ አስከፈተች። ወደ መብራት ኃይልና ወደ አዲስ አበባም ስልክ ደወለች። ስልኩ እየተቆራረጠ አበገናት እንጂ መልሱን አላጣችም።

ሐሙስ ጧት ሁሉም መሪጌታ ቤት ተሰበሰቡ። መሪጌታ መደብ ላይ፣ ጠጄ በሩ አጠገብ፣ ትርሲት ከወዳጆ ጎን፣ መኳንንት ወንበር ላይ። ላፕቶፑ መሀል ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል።

«ሁላችንም አንድ ነገር አምነን ነው የተነሣነው» አለች የትምወርቅ። «ሰለሞን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አዲስ ሥራ ጀምሯል፤ ስለዚህ በሕይወት ነበር አልን። ከዚያ ወዲህ የመጣችው ትርሲት ስለሆነች ትርሲትን ያዝን። አሁን ግን መብራት ኃይልን ጠየቅሁ። ለመሐል ሜዳ መብራት የለቀቁበትና ሥራው የተጀመረበት ሰዓት አንድ ነው። ወይዘሮ ጠጄ፣ ወፍጮሽ ሲነሣ ማለት ነው።»

«ፀሐይዋ ጋራው ላይ ስትደርስ» አለች ጠጄ።

«መሣሪያዋ መብራት እስኪመጣ ጠብቃ ራሷ ትጀምራለች። እንግዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰለሞን ሞቶም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ማን ጀመረው መሆኑ ቀርቶ መብራት ሳይኖር ማን አዘዛት የሚለው ሆነ። መሪጌታ፣ ዐይንዎ ከደረሰ ይቺን መስመር ያንብቡልኝ።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «ዓለም ከተማ፣ መብራት ሲመጣ፣ ጀምር» ብለው አነበቡ። በጣታቸው የመጨረሻዋን ቃል ጠቆሙ። «ይህማ የወንድ ትእዛዝ አንቀጽ ነው። ሰለሞን ይቺን ወንድ ብሏት አያውቅም። እኔ ስንቴ ስቄበታለሁ።»

«የሠራቸውን ሁሉ አየሁ» አለች የትምወርቅ። «አንድም ቦታ ጀምር የለም፤ ሁሉም ጀምሪ ነው። ትርሲትም ከእሱ ስለለመደች የምትጽፈው ጀምሪ ነው። ጀምር የሚሉት የአቶ መኳንንት ሥራዎች ናቸው፤ ሁሉም።»

መኳንንት እግሩን አነባበረ። «አንድ ቀን እንቅልፍ እያዳፋው ጀምር ብሎ ጽፎ ቢሆንስ? በአንዲት ፊደል ነው ሰው የሚከሰሰው?»

«በፊደሏ ብቻ አልመጣሁም። መብራት በጠፋበት ሰዓት ትርሲትና መሪጌታ ልቅሶ ላይ ነበሩ፤ ሀገር ያያቸው። ከሰለሞን ጋር የቀረው አንድ ሰው ነው። ማንደጃውም የተወሰደው እነሱ ከመመለሳቸው በፊት ነው፤ ትርሲት ስትነጫነጭ አባቷ ሰምተዋታል። ሰለሞን ራሱ አስገብቶት ቢሆን በሩን ከውጭ ሊደፍን አይችልም። የደፈነችው ትርሲት ብትሆን ደግሞ ይህ ተንኮል ለምን ያስፈልጋታል? ሰለሞን ማታም ነበረ መባሉ የሚጎዳው እሷን ነው። የሚጠቅመው ቀድሞ በሚኒባስ የሄደውን ሰው ብቻ ነው።»

«ለምን ብዬ ነው ጓደኛዬን የምገድለው?» አለ መኳንንት። ድምፁ አሁንም የታረመ ነው።

የትምወርቅ እስከዚያ ድረስ አንቱ ትለው ነበር። አሁን ግን ተወችው።

«መሣሪያዋን ገልብጠህ፣ ስሙን ፍቀህ፣ ስምህን ጽፈህ አዲስ አበባ ለውድድር አቅርበሃታል። ግልባጩ እዚሁ ላፕቶፕ ላይ አለ። አሸንፈሃል፤ ሽልማቱ የሚሰጥህ በሚቀጥለው ወር ነው። ሰለሞን ግን ከመሞቱ በፊት ደውሎ የእኔ ናት ብሏቸዋል። ማስረጃ ይዘህ ና አሉት፤ እሱም እሺ አለ። ሁለት ሌሊት ያልተኛው ማስረጃውን ሲያሰናዳ ነው። አንተም ደክሞህ የለ፣ ብርድ ነው፣ ጋደም በል አልከው። እንቅልፍ ሲወስደው ማንደጃውን አምጥተህ፣ ከሰል ጨምረህ፣ ሻሽን አዘህ፣ በሩን ዘግተህ ሄድክ። ጣትህ ግን እንደ ለመደችው ጻፈች።»

መኳንንት ሁሉንም ተራ በተራ አያቸው፤ መሪጌታ ላይ ሲደርስ ዐይኑ ሸሸ።

«ለየትምህርት ቤቱ በነጻ ሊያድላት ነበር» አለ መጨረሻ ላይ፣ የታረመው አንደበቱ ተልፈስፍሶ። «እንዲህ ያለች ነገር፣ ለማንም። እኔ ነኝ ሰው ፊት ያቀረብኳት። እሱ ቢሆን እዚሁ እያቆላመጣት ይኖር ነበር።»

«ይኖር ነበራ» አሉ መሪጌታ።

ወዳጆ ነገሩን ቀድሞ ሳይደርስበት የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ካቴናውን አወጣ። መኳንንት እጁን ሰጠ። ጠጄ በመሐረቧ አፏን ይዛ ተከትላቸው ወጣች።

የትምወርቅ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አለቃዋ አሁን ምን እንደሚል አስባ እንኳ ደስታ አልመጣላትም። ደክሟታል። ላፕቶፑን ዘግታ ስትነሣ ትርሲት መንገዷ ላይ ቆማ አገኘቻት። ልጅቱ ነጻ መውጣቷን የሰማች አትመስልም። የሰማችው ሌላ ነገር ነው።

«ማንደጃው ቀድሞ ገብቶ ነበር» አለች ትርሲት። «እኔ ሳንኳኳ ውስጥ ነበር።»

«አዎ።»

«መቼ እንደ ሞተ አይታወቅም ብሏል የጤና መኮንኑ።»

የትምወርቅ የላፕቶፑን ገመድ መጠቅለል ጀመረች።

«ሳንኳኳ በሕይወት ነበር? በሩ አልተቆለፈም። ገፋ ባደርገው ይከፈት ነበር።»

መሪጌታ ከመደቡ ላይ ሆነው የትምወርቅን አዩዋት። የሚለምኗት ይመስላሉ፤ ምን እንድትል እንደሚለምኗት ግን አልገባትም። አራት ቀን ሙሉ አይታወቅም የሚል ሁሉ ሲያበሳጫት ከርሟል።

«አልነበረም» አለች ፈጥና። «ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሞተው። መርምሬ አረጋግጫለሁ።»

ትርሲት ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እሺ አለችና ወደ አባቷ ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ያመነቻት ይሁን፣ ያዘነችላት ይሁን የትምወርቅ ለይታ ማወቅ አልቻለችም።